ካምቢዮው ምን በደለ?

ሞተሩ የተቀየረ መኪና ማርሽ አልቀይር ሲል የሰው ሁሉ ዐይን የሚያርፈው ካምቢዮው ላይ ነው። «በቃ ሞቷል!» ይባላል፤ ወዲያው ምትክ ይፈለጋል። እኔ ግን ካለፈው ክረምት ወዲህ ይህን ፍርድ በሰማሁ ቁጥር፥ «ቆይ እስቲ፤ መልእክቱን ሰምቶ ነው እምቢ ያለው ወይስ መልእክቱ ጭራሽ አልደረሰውም?» ማለት ጀምሬአለሁ። አንባቢ ሆይ፥ በዚህች ጽሑፍ የማካፍልህ ይህንኑ ጥያቄና ጥያቄው የተወለደበትን ጋራዥ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። የመኪና አማርኛችን አብዛኛው የጣልያን ርዝራዥ ነው፤ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ኮፋኖ፥ ፖምፓ፥ ካንዴላ። በኛ አገር በኩል ቃሉ የመጣው ከመንገዱ ጋር ነው። ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ የተቆረጠው በወረራው ዘመን ነው። የወልቀፊት ምሽግ በመስከረም፥ ጎንደር ከተማ ደግሞ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ሲለቀቁ ሰውየው ሄደ፤ መንገዱና ቃሉ ቀሩ። «ካምቢዮ» መለወጥ ማለት ነው። ለዋጩ ግን ያን ጊዜ ሾፌሩ ነበር፤ ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ይረግጣል፥ እጁ ማርሽ ያስገባል። ኦቶማቲክ ካምቢዮ በብዛት ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1939 ጄኔራል ሞተርስ «ሃይድራማቲክ» ያለውን ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ሲያወጣ ነው። ከዚያ ወዲያ የሾፌሩ ግራ እግር ሥራ ፈታ፤ የመለወጡንም ሥራ ዘይት ተረከበው። ዘይት ደግሞ ዐይን የለውም፤ ዳገቱን አያይም። የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አጎቴ ከጎንደር ደባርቅ የሚሠራበት አሮጌ ቶዮታ ሰርፍ አለው። ሰውም፥ ዕቃም፥ ሲገኝም ስሜን ተራራን ለማየት የመጣ እንግዳ ይጭናል። ሞተሩ ዳባት ላይ ሲሞትበት ዕቁቡን ቀድሞ ወሰደና ሌላ ሞተር ገዛ። የድሮው ሞተር በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ናፍጣ ነበር። አዲሱ (ለእሱ አዲስ የሆነው ማለቴ ነው) ኮምፒዩተር የማያውቅ፥ ፖምፓው በራሱ የሚሠራ የጥንቱ ዓይነት ነው። «ለደጋ መንገድ ይኸ ይሻላል፤ የሚበላሽ ነገር የለውም» ተባለ፤ አባባሉም ከእውነት የራቀ አልነበረም። ካምቢዮው ግን ያው የድሮው ኦቶማቲክ ሆኖ ቀረ።

መኪናው ተነሣ፤ ድምፁም ያማረ ሆነ። ዲ ላይ ሲደረግ ግን እንደ ደከመች በቅሎ እየተጎተተ ይንቀሳቀሳል፤ ከተንቀሳቀሰ በኋላም ማርሽ የሚባል ነገር አይቀይርም። በአዘዞ ሜዳ ላይ ደህና ይሮጣል። ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሽቅብ ሲባል ያቃስታል፥ ይግላል፥ ሰውን አውርዱልኝ ይላል።

ፍርድ ሰጪ አልጠፋም። አንዱ፥ «የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ አልቀዋል» አለ። ሁለተኛው፥ «አውጣውና ማኑዋል ግጠምበት፤ ኦቶማቲክ ለአስፋልት ከተማ ነው» አለ። ሦስተኛው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርዶ ሌላ ካምቢዮ መግዛትን መከረ። ሁሉም ምክር ገንዘብ የሚጠይቅ ነው፤ አጎቴ ደግሞ ሊከፍለው የሚቀረው የዕቁብ ዙር ገና ብዙ ነው። በዚያ ላይ ለተዝካር ወደ ዛሪማ የሚወርዱ ዘመዳሞችን በኮንትራት ሊወስድ ቃል ሰጥቷል፤ ቀብዱንም በልቷል።

«ይሄዳል እኮ!» ይላል አጎቴ። «አራት ማርሽ ባይኖረው አንድ አለው። ደርሼ ልምጣና ከዚያ ይታያል።»

ይህን የሰሙት አንድ አረጋዊ መካኒክ ናቸው፤ እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፥ «መሄዱንስ ይሄዳል፤ ቁልቁለቱ ላይ ማን ይይዝልሃል?» አሉት።

አጎቴ ዝም አለ። ሊማሊሞን የሚያውቅ ሰው ለዚህ ጥያቄ ዝም ከማለት ሌላ መልስ የለውም። በረጅም ቁልቁለት መኪናን የሚይዘው ፍሬን ብቻ አይደለም፤ ዝቅተኛ ማርሽ ውስጥ የገባ ሞተርም ነው። ትልቁ ማርሽ ላይ የተቸነከረ መኪና ክብደቱን በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይጥላል። ፍሬን ሳያርፍ ሲረገጥ ይግላል፥ ይሸታል፥ በመጨረሻም ይከዳል። በአንድ ወገን ገደል፥ በሌላው ወገን ስምንት ነፍስ ሲሆን «ከዚያ ይታያል» የሚባል ነገር የለም።

«ሁለት ቀን ስጠኝ» አሉ ጋሼ። «ካምቢዮውን አላወርደውም፤ እጠይቀዋለሁ።»

አጎቴ ሁለት ቀን መስጠት ማለት ኮንትራቱን ለሌላ ሰው መስጠት፥ ቀብዱንም መመለስ እንደሆነ ያውቃል። ትንሽ አጉረመረመና ቁልፉን ሰጣቸው።

አሁን ካምቢዮው ማርሽ ለመቀየር ምን ምን ማወቅ እንደሚፈልግ ልንገርህ። ሦስት ነገር ነው፤ ሾፌሩ ነዳጁን ምን ያህል እንደረገጠ፥ መኪናው ምን ያህል እንደሚሮጥ፥ ማርሽ መምረጫው የት እንዳለ። በጥንቶቹ ኦቶማቲኮች ይህ ሁሉ የሚነገረው በዘይት ግፊትና በካቦ ነበር። የአጎቴ መኪና ካምቢዮ፥ ማለትም ኤ340 ከሚባለው ቤተሰብ የሆነው፥ መካከለኛ ትውልድ ነው። የዘይቱን ግፊት የሚያዘው ከነዳጅ መስጫው የሚመጣ ካቦ ሲሆን፥ ማርሹን የሚመርጠው ደግሞ ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያዝዘው ሁለት ሶሌኖይድ፥ ማለት በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ሁለት ትናንሽ የዘይት በሮችን ነው። የመጀመሪያው ብቻ መብራት ሲያገኝ አንደኛ ማርሽ፤ ሁለቱም ሲያገኙ ሁለተኛ፤ ሁለተኛው ብቻ ሲያገኝ ሦስተኛ፤ ሁለቱም ሲያጡ አራተኛ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ጋሼ የጀመሩት ከዘይቱ ነው። ሞተሩ እየሠራ መለኪያውን መዘዙና በነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጠቡት። ቀይ ነው፤ ሽታውም የተቃጠለ ሽታ አይደለም። «ፍሪሲዮን የበላ ካምቢዮ ዘይቱ ይጠቁራል፥ ይከረፋል። ይኸ አልበላም፤ ገና ነው» አሉ።

ቀጥሎ ካቦውን ተከተሉ። ጫፉ በሽቦ ታስሮ ከሞተሩ ጎን ተሰቅሎ ተገኘ። አዲሱ ፖምፓ ማንጠልጠያ ስላልነበረው የገጠመው ሰው እንዳይንጠለጠል ብሎ አስሮት ኖሯል። ስለዚህ አጎቴ ዳገት ላይ ነዳጁን እስከ ወለሉ ሲረግጥ ካምቢዮው የሚሰማው «እግሬን አንሥቻለሁ» የሚል ወሬ ነው። ግፊቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝቅ ባለ ግፊት ከባድ ሸክም ሲመጣ ደግሞ ፍሪሲዮኖቹ ይንሸራተታሉ፥ ይቃጠላሉ። ጋሼ «ገና ነው» ያሉት ይህን ነበር። ጥቂት ሳምንት በዚሁ ቢነዳ የመጀመሪያው ፈራጅ ትክክል ይሆን ነበር።

ሦስተኛው ፈተና ከሁሉ የገረመኝ ነው። ወደ ሶሌኖይዶቹ የሚሄደውን ሶኬት ጭራሽ ነቀሉትና ወደ አዘዞ ወሰድነው።

«ጋሼ፥ ጭራሽ ይነቅሉታል?» አልኋቸው።

«አዎ ልጄ። መብራት የሚባል ነገር እንዳይነካው። አሁን በእጅህ እዘዘው።»

ኤል ላይ ሲደረግ መኪናው እንደ በሬ ተነሣ፤ አንደኛ ማርሽ ነው። 2 ላይ ሲደረግ ሦስተኛን ሰጠ። ዲ ላይ ሲደረግ አራተኛ። መብራት ያጣ ካምቢዮ ማድረግ ያለበት ልክ ይህንኑ ነው፤ ሠሪዎቹ ያሰናዱት እንዲያ ነው። ብረቱም፥ ዘይቱም፥ ፍሪሲዮኖቹም ደህና ናቸው ማለት ነው። በቴስተር ሲለኩ ሁለቱም ሶሌኖይዶች 13 ኦም አሳዩ፤ ከ11 እስከ 15 ባለው ውስጥ ነው። እንግዲህ ካምቢዮው እምቢ አላለም። ትእዛዝ የሚሰጠው ጠፍቶ፥ ትእዛዝ ሲጠፋ አድርግ የተባለውን እያደረገ ነበር።

«አዛዡ የት ሄደ?» ብለን ሽቦውን ስንከተል ከዳሽቦርዱ ሥር ባዶ መቀመጫና በፕላስተር የተጠቀለለ የተቆረጠ ሽቦ አገኘን። የገጠመው ባለሙያ «ይህ ሞተር ኮምፒዩተር አያሻውም» ብሎ አንሥቶታል። ስለ ሞተሩ እውነቱን ነው፤ ዳሩ ግን ያ ሣጥን የካምቢዮውም አዛዥ ነበረ። ደግነቱ የወለቀውን ዕቃ ሁሉ በጆንያ አድርጎ ለአጎቴ አስረክቦታል። ጆንያው አጎቴ ቤት ከእህሉ አጠገብ ተገኘ፤ ባለቤቱ «ይህን ቆሻሻ መቼ ነው የምትጥለው?» ስትለው ከርማለች።

ሁለተኛው ቀን የሽቦ ቀን ሆነ። ኮምፒዩተሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። በካምቢዮው ጅራት በኩል ያለው የፍጥነት ሴንሰር ሽቦው ተቀጠለ። የነዳጅ መስጫውን ልክ የሚናገረው ሴንሰር ከጆንያው ወጥቶ፥ ጋሼ ከላሜራ ቆርጠው በሠሩት ማቀፊያ ከአዲሱ ፖምፓ ጋር ታሰረ። ካቦውም በዚያው ማቀፊያ ላይ ቦታ አገኘ። ለመንዳት ስንወጣ አንደኛ፥ ሁለተኛ፥ ሦስተኛ እያለ ቀየረ፤ አጎቴ እንደ ልጅ ሳቀ። አራተኛን ግን ነሣን። ጋሼ ትንሽ አሰቡና፥ «የውኃውን ሙቀት የሚነግረው ሽቦ ቀርቷል። ሌሊት ደባርቅ ያደረ መስሎት ነው» አሉ። ሞተሩ ካልሞቀ አራተኛን አይሰጥም። ያም ሽቦ ተቀጠለ፤ አራተኛም መጣ።

በማግስቱ አምባ ጊዮርጊስን ወጣን። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ወደ ሰባ በመቶ ያህል ይወርዳል። ሞተር ትንፋሽ ሲያጥረው ሾፌር ነዳጅ ያበዛል፤ ካምቢዮውም የእግሩን ነገር ሰምቶ ዝቅ ባለው ማርሽ ላይ መቆየት ይኖርበታል። ቆየም። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ስንደርስ አጎቴ መምረጫውን ወደ ኤል ሳበውና ሞተሩ መኪናውን ጨብጦ ያዘው። እግሩን ከፍሬኑ አንሥቶ ወደ እኔ ዞር አለና፥ «ያኔ ብወርድ ኖሮ…» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። አንዲት መብራት ዳሽቦርዱ ላይ አልፎ አልፎ ብልጭ ትላለች። ኮምፒዩተሩ የድሮውን ሞተር አሁንም የሚፈልገው ይመስለኛል። የወጣው ወጪ ግን ጥቂት ሜትር ሽቦ፥ አንድ ቁራጭ ላሜራና የሁለት ቀን የእጅ ዋጋ ነው። ከሶማሌ ተራ ሌላ ካምቢዮ መጥቶ ቢሆን ኖሮ፥ እሱም በተቆረጠው ሽቦና በታሰረው ካቦ ላይ ተገጥሞ፥ ያንኑ አራተኛ ማርሽ ይዞ ይቆም ነበር። አጎቴ ያን ጊዜ መኪናውን ይሸጥ ነበር እንጂ ሦስተኛ ካምቢዮ አይገዛም።

እኔ በክፍል ውስጥ ስለ ዘይት ግፊትና ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት የተማርሁት ሁሉ በዚያ ኮፋኖ ሥር ነበረ። ያልተማርሁት ቅደም ተከተሉን ነው፤ ርካሹን ከውዱ በፊት መጠየቅ፥ ሳይፈቱ የሚታየውን ከሚፈታው በፊት ማየት። ጋሼ ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከስንት ዓመት የሰው መኪና ነው። የሰው መኪና ደግሞ የሰው እንጀራ ስለሆነ እየፈቱ አይማሩበትም።

ስለዚህ ሞተር ልታስቀይር ያሰብህ ወዳጄ፥ የምለምንህ ትንሽ ነገር ነው። ሽቦው ከመቆረጡ በፊት እያንዳንዱ ጫፍ ከምን እንደመጣ በፕላስተር ላይ ይጻፍበት። ካቦው የት እንደሚታሰር ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ይጠየቅ። የወለቀውን ዕቃም፥ ሚስትህ ምንም ብትል፥ መኪናው አራቱን ማርሽ እስኪቀይር ድረስ ከጆንያው አታውጣው።