የኦርላንዶ ውርስ

የቨርጂኒያ ዉልፍን «ኦርላንዶ» ላላነበባችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን የምናገኘው ወጣት ባላባት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ይኖራል። በመሀሉ፣ በቁስጥንጥንያ አምባሳደር ሳለ፣ ሰባት ቀን እንቅልፍ ይጥለውና ሲነቃ ሴት ሆኗል። ልብ በሉ፣ አይደነግጥም። ትዝታው አብሮት ነው፣ የግጥም ፍቅሩም አብሮት ነው፤ ወንድ ሳለ የወደዳት ሴት አሁንም ከልቡ አልወጣችም። ጣጣው የሚመጣው እንግሊዝ ስትመለስ ነው። ከርስቷ የሚነቅላት ክስ ተከፍቶ ይጠብቃታል፤ አንዱ ሞታለች የሚል፣ ሌላው ሴት ናት የሚል።

ሁለተኛው ክስ ከሕይወት የተቀዳ ነው። ዉልፍ መጽሐፉን ያበረከተችው ለምታፈቅራት ለቪታ ሳክቪል-ዌስት ነበር። ቪታ ኬንት ውስጥ በሚገኘው በኖል፣ ቤተሰቧ ለብዙ ትውልድ በኖረበት ግዙፍ ቤት ተወልዳ አደገች፤ ለአባቷም አንድያ ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1928 መጀመሪያ አባቷ ሲሞት ግን ቤቱ ለአጎቷ ተላለፈ፣ ሴት ናትና። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የወጣው ልቦለድ ቤቱን ለኦርላንዶ ያስቀርላታል፤ የቪታንም ፎቶግራፎች የኦርላንዶ ናቸው ብሎ ያትማል። ለፍቅረኛ ከተሰጡ ስጦታዎች ይህን የሚያህል አላውቅም። ሕግ የነጠቃትን በቀለም መለሰችላት።

ዉልፍ በ1925 ባሳተመችው «ሚስስ ዳሎዌይ» ክላሪሳ በወጣትነቷ ሳሊ የሳመቻትን ቅጽበት ዕድሜዋን ሙሉ ታስታውሰዋለች፤ ግን ለማንም አትናገረውም። በ«ኦርላንዶ» ያ ፍቅር አደባባይ ወጣ፣ ተረት ለብሶ። ተረቱ ከለላ መሆኑን ለማየት የ1928ን ኖቬምበር ማስታወስ ይበቃል። የሁለት ሴቶችን ፍቅር በግልጽ የጻፈችው የራድክሊፍ ሆል ልቦለድ ለንደን ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቅጂዎቹ እንዲወድሙ ተፈረደ። ዉልፍ ልትመሰክርለት ሄዳ ነበር፤ ዳኛው የደራስያንን ምስክርነት አልሰማም አለ። ሰምና ወርቅ ላሳደገን አንባቢዎች የእሷ ብልሃት እንግዳ አይደለም።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በፌብሩዋሪ 1910፣ ዓድዋ ከሆነ 14 ዓመት በኋላ፣ የ28 ዓመቷ ቨርጂኒያ ፊቷን አጥቁራ፣ ጢም ለጥፋ፣ የአቢሲኒያ ልዑል ነኝ ብላ ከጓደኞቿ ጋር ድሬድኖት በተባለው የጦር መርከብ ላይ ወጣች። የባሕር ኃይሉ መኮንኖች በክብር ተቀበሏቸው፤ አስተርጓሚ የሆነው ወንድሟ ኤድሪያን ከላቲን ግጥም የቃረመውን ሁሉ የእኛ ቋንቋ አስመሰለው። ልብስና ጢም ለሴት የተዘጋውን በር እንዴት እንደሚከፍቱ ያን ቀን በገዛ ገላዋ አይታዋለች፤ የኦርላንዶ አንድ ዘር እዚያ የተዘራ ይመስለኛል። የእኛ መልክና ስም ግን ለቀልድ የሚለበስ ልብስ ሆነ። «ኦርላንዶ» ራሱ የሚከፈተው ወጣቱ ጣሪያ ላይ በተንጠለጠለ፣ ከአፍሪካ ተቆርጦ በመጣ የሙር ራስ ላይ ሰይፍ ሲለማመድ ነው። ዉልፍ ወራሪዎችን እየተቸች ነው የሚሉ አሉ፤ ይሆናል። ያም ሆኖ ወንድና ሴት በአንድ ነፍስ እንዲኖሩ የፈቀደችው ብዕር ለዚያ ሰው ስም እንኳ አላወጣችለትም፤ ይህን ልተውላት አልቻልኩም።