የጉጉቷ ሳንቲም አገሯ የት ነው?

የአቴንስ የሳንቲም ሙዚየም የሚገኘው በፓኔፒስቲሚዩ ጎዳና፣ ትሮይን የቆፈረው ሃይንሪሽ ሽሊማን ይኖርበት በነበረው ቤት ነው። ወለሉ ሞዛይክ፣ ጣሪያው ሥዕል፤ ባለቤቱ ራሱን ከሆሜር ጀግኖች ሳይቆጥር አልቀረም። እኔን ያመጡኝ ግን ጉጉቶቹ ናቸው።

በስልኬ አንድ ፎቶ ይዣለሁ፤ የብሪታንያ ሙዚየም ከሚያስቀምጣቸው የብር ሳንቲሞች አንዷ ናት። በፊቷ አቴና የተባለችው አምላክ፣ በጀርባዋ ጉጉት አለች። ላያት ሁሉ የአቴንስ ትመስላለች።

ከመስታወቱ ፊት ቆሜ አስተያየሁ። የአቴንሱ ባለአራት ድራክማ 17 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከላውሪዮን ማዕድን በወጣ ብር የተሠራ፣ ወፍራምና ጉብ ያለ ነው። በአቴና የራስ ቁር ላይ የወይራ ቅጠል፣ ከጉጉቷ ኋላ ቀንበጥና ትንሽ ጨረቃ፣ በጎኗ ደግሞ የከተማዋን ስም የሚያመለክቱ ሦስት የግሪክ ፊደላት አሉ። የፎቶዬ ሳንቲም ይህን ሁሉ ለመኮረጅ ሞክራለች። ክብደቷ ግን ከ6 ግራም በታች ነው፤ በአምላኳ ጉንጭ ላይም አንዲት ፊደል ተቀርጻለች። የይሓን የድንጋይ ጽሑፎች ያየ ሰው ወዲያው ይለያታል፦ የጥንት የመኖች የሳባ ፊደል ናት፣ የእኛው ፊደል የተገኘበት። ሥራዋ የሳንቲሟን መጠን መናገር ነው፤ ሙሉ፣ ግማሽ ወይም ሩብ እያለች።

የአቴንስን ጉጉት የኮረጁት የመኖች ብቻ አይደሉም። በግብፅ የፋርሱ ንጉሥ አርጤክስስ 3ኛ ስሙን በግብፅ ጽሕፈት አስጽፎ ጉጉት አሳትሟል። ታዲያ እነዚህ ሁሉ ሐሰተኛ ገንዘብ ናቸው?

መልሱን ለማየት ከሰዓት በኋላ የጥንቷ አቴንስ ገበያ ወደነበረው አጎራ ወረድኩ። በ1970 እ.ኤ.አ. እዚያ የተገኘ የድንጋይ ሰሌዳ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ375 ገደማ የወጣውን የኒኮፎንን ሕግ ይዟል። በሕጉ መሠረት የከተማዋ ባሪያ የሆነ መርማሪ በገበያው ተቀምጦ ብር ይፈትሻል። ውስጡ ነሐስ ወይም እርሳስ ከሆነ ወዲያው ይቆርጠዋል። ጉጉት ያለበት የባዕድ ሳንቲም ብሩ ጥሩ ከሆነ ግን ለባለቤቱ ይመልሰዋል። ሥራውን ያጓደለ መርማሪ 50 ጅራፍ ይቀምሳል፤ ተፈትኖ ያለፈውን ብር አልቀበልም ያለ ነጋዴም የዕለቱን ሸቀጥ ይወረሳል። ቅጣቱ ይከብዳል፤ ነገር ግን ኩረጃን ከማጭበርበር መለየቱን ወድጄለታለሁ። ዛሬም ጉጉት ባዩ ቁጥር «አቴንስ» ብለው የሚጽፉ የሳንቲም ሻጮች ከዚህ ባሪያ ቢማሩ አይጎዱም።

የፎቶዬ ሳንቲም ከተማ በስም አይታወቅም። ሐሪብና ረይዳን የሚሉት የቦታ ስሞች የተጻፉት ኋላ በመጡት የየመን ሳንቲሞች ላይ ነው። አገሯ ግን አያጠራጥርም፤ ደቡብ ዓረቢያ ናት።