ስማቸው የማይታተምላቸው ባልደረቦቼ

ልጅዎን አሞት ሐኪም ቤት ሲወስዱት ሐኪሙ መጀመሪያ ክብደቱን ይመዝናል። ከዚያ ጥቂት ያሰላና መድኃኒቱን ያዝዛል። ያ ስሌት ከየት እንደመጣ አስበው ያውቃሉ? ሐኪሙ ከራሱ አላመነጨውም። ሌሎች አጥንተው ጽፈውታል፤ ከእነሱም ሌላ ጽሑፉን መስመር በመስመር መርምረው «አሁን ይታተም» ያሉ ሰዎች አሉ። ዛሬ ስለነዚህ መርማሪዎች ላጫውትዎ።

እኔ በሀገራችን ከሚታተሙ የሕክምና ጆርናሎች የአንዱ ዋና አዘጋጅ ነኝ። ሥራዬን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ «ሁሉንም አንተ ነህ የምትጽፈው?» ይለኛል። እንኳን ልጽፈው፣ ብቻዬን አንብቤ ልፈርድበትም አልችልም። ጠረጴዛዬ ላይ የልብ ሕመም፣ የወሊድ፣ የዓይንና የሕፃናት ምግብ እጥረት ጥናት ተደራርቦ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም።

ጥናት ሲላክልን ጸሐፊያችን ትመዘግበውና የአጥኚዎቹን ስም ታነሳለታለች፤ ገምጋሚው ሥራውን እንጂ ሰውየውን እንዳያይ ነው። ቀጥሎ በዚያው ሙያ ለተሰማሩ ቢያንስ ሁለት ባለሙያዎች ይላካል። እነሱ አንብበው ይተቻሉ፣ ይጠይቃሉ፣ እርማት ይሰጣሉ። ለዚህ ሥራ ክፍያ የላቸውም፤ ከታተመው ጽሑፍ ጋርም ስማቸው አይወጣም።

ከገምጋሚዎቻችን አንዷ የሕፃናት ሐኪምና የሁለት ልጆች እናት ናት። ቀን በሆስፒታል ስትሠራ ውላ፣ ማታ ልጆቿን የቤት ሥራ አሠርታና አስተኝታ ነው የኛን ጽሑፍ የምትከፍተው። አንድ ምሽት «ሠንጠረዡን እየው፤ ነጥቧ ያለቦታዋ ገብታለች» የሚል መልእክት ላከችልኝ። በኪሎ የሚሰላው የሕፃናት መድኃኒት መጠን ላይ ነጥቧ አንድ ቤት ወደ ቀኝ ሸሽታ ነበር። አንድ ቤት ማለት አሥር እጥፍ ነው። አጥኚዎቹ ደነገጡ፣ አመሰገኑ፣ አስተካከሉ። ጽሑፉ ታትሞ ሲወጣ ነጥቧ ቦታዋ ላይ ናት። ያንን ገጽ አይቶ መድኃኒት የሚያዝዝ ሐኪምም፣ መድኃኒቱን የምትሰጥ እናትም የዚያችን ሴት ስም አያውቁም።

ሌላው ባልደረባዬ ጡረታ የወጡ የስታቲስቲክስ መምህር ናቸው። «ቁጥር አይዋሽም ይባላል፤ ቆጣሪው ግን ይቸኩላል» ይላሉ። አንድ ወጣት ሐኪም በጥቂት ታካሚዎች ላይ የሞከረውን ሕክምና «ፍቱን ነው» ብሎ ጽፎ ላከልን። እሳቸው የታካሚዎቹ ቁጥር ለዚህ ድምዳሜ እንደማይበቃ አዩ። «አይታተምም» ብለው መዝጋት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ጥናቱ እንዴት እንደገና ሊሠራ እንደሚችል ሦስት ገጽ ምክር ጻፉለት። ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ የተሟላ ጥናት ይዞ ተመለሰ። ማን እንዳስተማረው እስከ ዛሬ አያውቅም።

«ይህ ሁሉ ልፋት ለምን?» ካሉኝ እንዶድን አስታውስዎታለሁ። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጥቡበት የነበረውን እንዶድ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈው ተውሳክ ማደሪያ ነውና ነገሩ ትልቅ ነበር። የመጀመሪያ ዘገባቸው በ1965 በኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል ወጣ፤ ጆርናሉ ከተጀመረ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። ወንዝ ዳር የታየ ነገር ዓለም የሚፈትሸው እውቀት እንዲሆን በወረቀት ላይ መስፈር ነበረበት። እያንዳንዱ እትም ደግሞ የሚሰበስበው፣ የሚያርመውና ለማተሚያ ቤት የሚያደርሰው ሰው ይፈልጋል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? የኛም ሥራ እንደዚያ ነው። ስለዚህ መዝገቡን ለምትይዘው ጸሐፊያችን፣ መብራት ሲጠፋ በስልካቸው ብርሃን ለሚያነቡ ገምጋሚዎች፣ ፊደል ለሚለቅመው አራሚ፣ ሠንጠረዡን ከገጹ ጋር ለሚያስታርቀው ገጽ አቀናባሪ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ምስጋናዬ ለቤተሰቦቻቸውም ነው። የእሑድ ከሰዓት የቡና ሰዓት ላይ «አንዴ ይቺን ልጨርስ» ሲባሉ የታገሱት ባሎች፣ ሚስቶችና ልጆች ሳያውቁት ጆርናሉን አብረውን አዘጋጅተዋል።

እርስዎንም አንድ ነገር ልለምንዎ። በስልክዎ «ጥናት አረጋግጧል» የሚል የጤና ምክር ሲደርስዎ ለቤተሰብዎ ከማስተላለፍዎ በፊት ይጠይቁ፦ የት ታተመ? ማንስ መረመረው? መልስ ካጡ ሐኪምዎን ያማክሩ። በቤትዎ ደግሞ ማታ ማታ ያለ ክፍያ የሰው ጽሑፍ የሚያርም ባለሙያ ካለ፣ አንድ ስኒ ሻይ ያቅርቡለት። የሚያየው ቁጥር የማያውቀው ልጅ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።