«ለምን አልዳነም?»

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልቦለድ ማንበብ እየቀነስኩ፣ ደብዳቤ ወደ ማንበብ ዞሬያለሁ። ለእኔ የተጻፈልኝን ማለቴ አይደለም። ስመ ጥር ሰዎች በሕይወት ሳሉ ለወዳጅም ለማያውቁትም ሰው የጻፏቸውን፣ በኋላ ተሰብስበው የታተሙትን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ደጋግሜ የማነሣው እንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን የጻፋቸውን ደብዳቤዎች የያዘውን መጽሐፍ ነው። ደራሲው ካረፈ ከስምንት ዓመት በኋላ በ1981 (ከዚህ በታች የደራሲውን ዘመን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ታትሟል። ልጄ ከአሜሪካ ለዕረፍት ሲመጣ ለእህቱ ልጅ ብሎ ያመጣው ነበር፤ እሷ ጥቂት ገጽ አንብባ «ለእማማ ይሁን» አለችና ለእኔ ተረፈኝ።

ቶልኪንን በስሙ የማያውቅ በፊልሙ ያውቀዋል። «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን ከቪዲዮ ቤት ተከራይቶ ያላየ የዚያ ዘመን ወጣት ጥቂት ነው። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ፍሮዶ የሚባል ቁመተ አጭር ፍጡር፣ ክፉ ኃይል ያደረበትን ቀለበት ተሸክሞ ሩቅ አገር ወዳለ እሳተ ገሞራ ይሄዳል፤ ቀለበቱ የሚጠፋው እዚያ ከተጣለ ብቻ ነው። አብሮት የሚሄደው ሳም የሚባል አትክልተኛ ነው። መጽሐፉ በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጥያቄ እንደ ጎርፍ መጣ። ተማሪው፣ ቄሱ፣ መጽሐፍ ሻጩ፣ የቤት እመቤቷ ሁሉ ይጽፉለታል። እሱም የኦክስፎርድ ፕሮፌሰርነቱ ሳያኮራው ለብዙዎቹ ረጅም መልስ ይጽፍ ነበር።

እኔን ወደዚህ ነገር የሳበችኝ የልጅ ልጄ ናት። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የራሷን አገር ፈጥራ በደብተር ትጽፋለች። አንድ ቀን «እማማ፣ ይኸው ከተማዬ» ብላ አሳየችኝ። ግንብ አለው፣ ንግሥት አለችው፣ የሚበር ፈረስ አለው። እኔም በሙያዬ ልማድ «ውኃ የሚቀዱት ከየት ነው?» አልኳት። ዝም አለች። ይህን የጠየቅኳት ላሳፍራት ብዬ አልነበረም። በወጣትነቴ ገጠር ጤና ጣቢያ ስመደብ መጀመሪያ የምናደርገው የአካባቢውን ካርታ በእጅ መሣል ነበር፤ ምንጩ የት ነው፣ ገበያው የት ነው፣ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ይህን ያላወቀ ነርስ መድኃኒት ቢኖረውም አይጠቅምም።

ቶልኪንም በ1954 ለአንዲት ደራሲ በጻፈው ደብዳቤ ተመሳሳይ ነገር ይናገራል። ሥራውን የጀመረው ከካርታ እንደሆነና ታሪኩን በካርታው ልክ እንደሰፋው፣ ታሪኩን አስቀድሞ ካርታውን በኋላ ለማበጀት የሚሞክር ግን ግራ እንደሚጋባ ይነግራታል። ይህን ለልጅቷ ሳነብላት «አንቺ ያልሽውን ነው ያለው!» ብላ ሳቀች። በሳምንቱ ከከተማዋ በላይ ምንጭ፣ ከምንጩ በታች የልብስ ማጠቢያ ሠርታ መጣች። ከብቶቹን ግን ከምንጩ በላይ ነበር ያሰማራቻቸው። ስለ ውኃ ብክለት ትንሽ አውርተን ከብቶቹን ወደ ታች አወረድናቸው።

በአገራችን ውሸታም ሲዋሽ ቦታውን ያርቃል ይባላል። ማንም ሄዶ እንዳያጣራበት ነው። ቶልኪን ቦታውን አርቆ ሲያበቃ፣ እያንዳንዱን ነገር አንባቢ ቢያጣራው እንዲገኝ አድርጎ ይለካል። በ1944፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ልጁ በአየር ኃይል ለሥልጠና ደቡብ አፍሪካ ነበር። አባትየው መጽሐፉን እየጻፈ ምን እንደተቸገረ ለልጁ ይነግረዋል፦ ጨረቃ ልትሞላ ስትቃረብ በየምሽቱ በምን ያህል ዘግይታ እንደምትወጣ ማወቅ ፈልጓል፤ ጥንቸል እንዴት እንደሚቀቀልም እንዲሁ። እኛ ዘንድ ጥንቸል ስለማይበላ በሁለተኛው የምረዳው ነገር የለኝም። የጨረቃው ነገር ግን ገብቶኛል። ሰዎቹ በተለያየ ቦታ ሆነው በአንድ ሌሊት የሚያዩት ጨረቃ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ሌሊት ተረኛ ሆኖ የትኩሳት ቻርት የሞላ ሰው ይህን ያውቃል። አንዷ ነጥብ ያለ ቦታዋ ከገባች ጠዋት ዙር የሚያደርገው ሐኪም ቻርቱን በሙሉ ይጠራጠራል።

እንዲህ የተጠነቀቀም ሰው ቢሆን ያመልጠዋል። በ1958 አንዲት ተማሪ ጥያቄዎች ደርድራ ላከችለት። ከእነዚህ አንዱ፣ በመጽሐፉ ያሉት ኤልፍ የተባሉት ሕዝቦች ያለ ልጓምና ያለ ኮርቻ ይጋልባሉ ተብሎ ሳለ የአንደኛው ፈረስ ለምን ልጓም ኖረው የሚል ነው። ለቀባሪው አረዱት እንዲሉ፣ ለደራሲው የገዛ መጽሐፉን ትነግረዋለች። እሱ አልተቆጣም። ቃሉን ሳያስብበት እንደተጠቀመ፣ ልጓም የሌለው የራስ ማሰሪያ ቢለው ይሻል እንደነበር ጻፈላት፤ በኋለኛው እትምም አስተካከለው። አንዳንዱን ጥያቄ ደግሞ በእርግጠኝነት አይመልስም። ዛፍ ጠባቂዎቹ ሚስቶቻቸው ጠፍተውባቸዋል፤ የት ደረሱ ሲሉት ከአትክልቶቻቸው ጋር በጦርነት ጠፍተው ይመስለኛል ይላል እንጂ በርግጠኝነት አይደመድምም። ቶም ቦምባዲል ስለሚባለው እንግዳ ሰው ሲጠየቅም ሆን ብሎ እንቆቅልሽ አድርጎ እንደተወው ይናገራል። ልጅቷ ይህን ስትሰማ በጣም ተጽናናች። ሁሉን ማብራራት ያለባት ይመስላት ነበር።

ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ያሳቀኝ የ1956ቱ ነው። ለንደን የሚኖር ሳም ጋምጂ የሚባል እውነተኛ ሰው፣ ስሙ በሬዲዮ ትረካ ውስጥ እንዳለ ሰምቶ «ስሜን ከየት አመጣኸው?» ብሎ ጻፈለት። ቶልኪንም በትሕትና መለሰ፤ ሦስቱንም ቅጾች ፈርሞ ላከለት። ስሙን ያገኘው ካደገበት ከበርሚንግሃም ነው፤ እዚያ የሕክምና ጥጥን ሰዉ «ጋምጂ» ይለው ነበር። እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ብቻዬን ሳቅሁ። ጋምጂ ለእኛ ለነርሶች ባዕድ አይደለም። በሁለት ጎዝ መካከል የጥጥ ንጣፍ የተደረገበት፣ ብዙ ፈሳሽ የሚያወጣ ቁስል የሚሸፈንበት ነው። በ1880 የሠራው ሳምፕሰን ጋምጂ የሚባል የበርሚንግሃም ቀዶ ሐኪም ነው። እንግዲህ ፍሮዶን እስከ መጨረሻው ደግፎ፣ መራመድ ሲያቅተው በጀርባው ያዘለው ሰው ስሙ የቁስል መሸፈኛ ነው! ደራሲው ይህን አስቦ ይሁን ሳያስብ፣ ለእኔ ከዚህ የተሻለ ስም የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ፍሮዶ ያን ሁሉ መከራ አልፎ እሳቱ አፋፍ ሲደርስ ቀለበቱን መጣል አቃተው። «የእኔ ነው» ብሎ አጠለቀው። ቀለበቱ የጠፋው ከዚህ ቀደም ፍሮዶ ሊገድለው ሲችል አዝኖ የማረው ጎለም የሚባል ጎስቋላ ጣቱን ነክሶ ነጥቆት አብሮ ስለወደቀ ነው። ብዙ አንባቢ በዚህ ተቆጣ። አንዱማ ፍሮዶ ሊከበር ቀርቶ እንደ ከዳተኛ በሞት መቀጣት ነበረበት ብሎ ጻፈ።

ቶልኪን ስለዚህ ጉዳይ ደጋግሞ መልሷል፤ ረጅሙን መልስ በ1963 ለአንዲት አንባቢ አዘጋጅቷል። የፍሮዶ መሸነፍ የምግባር ጉድለት አይደለም ይላል። ሰው ሥጋውም ነፍሱም ልክ አላቸው። ለወራት የተሠቃየ፣ የተራበ፣ የዛለ ሰው በመጨረሻዋ ደቂቃ የወደቀበትን ሸክም ሊቋቋም አይችልም። ቋጥኝ ወድቆበት አጥንቱ ቢሰበር ማንም «ለምን ተሰበርክ?» ብሎ አይወቅሰውም፤ የአእምሮውም መሰበር እንዲሁ ነው። አቅሙ የፈቀደውን ሁሉ አድርጓል፤ የቀረውን ያደረገው ቀድሞ ያሳየው ምሕረት ነው።

ይህን የጻፈው ሰው ሕይወቱን እንደ ሕመም ታሪክ ብናነበው ከየት እንዳመጣው ይታያል። አባቱ የሞቱት በ1896፣ እሱ ገና በአራት ዓመቱ ነው። እናቱ በ1904 በስኳር በሽታ በሠላሳ አራት ዓመታቸው ሞቱ፤ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በ1922 ነው። በ1916 በሶም ጦር ግንባር መኮንን ሆኖ ተዋጋ። ከዚያ ያወጣው ጥይት ሳይሆን ቅማል ነው። በቅማል የሚተላለፍ፣ እየተወ የሚመለስ የምሽግ ትኩሳት ያዘውና ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ተስቦንና ግርሻን ያከምን፣ የታማሚ ልብስ ያስቀቀልን ሰዎች በሽታውን እንደ ዘመድ እናውቀዋለን። ከቅርብ ጓደኞቹ ከአንዱ በቀር ሁሉም በጦርነቱ አለቁ። የመጀመሪያዎቹን ታሪኮች የጻፈው በሕመም ፈቃድና በሆስፒታል ሳለ ነው።

እኔም የማልረሳው ጥያቄ አለ። በድንበሩ ጦርነት ጊዜ፣ ግንቦት 1992 ዓ.ም. የቆሰለ አንድ ወጣት በምሠራበት ክፍል ተኝቶ ነበር። የጭኑን ቁስል ለሳምንታት አጠብን። ሥጋው ሞላ፣ ቆዳው ገጠመ፣ ያለ ምርኩዝ ሄደ። በካርዱ ላይ «ተሽሎት ወጣ» ተብሎ ተጻፈ፤ ትክክል ነበር። በዓመቱ እናቱ ብቻቸውን መጡ። «ሲስተር፣ እግሩ ድኗል፤ ልጄ ግን አልዳነም። ሌሊት ይጮኻል። ግንቦት ሲገባ ደግሞ ሰው አያናግርም። ለምን አልዳነም?» አሉኝ። ወደ አእምሮ ሕክምና እንዲወስዱት ወረቀት አጻፍኩላቸው፤ ወሰዱትም። የ«ለምን» መልስ ግን አልነበረኝም።

ፍሮዶም እንዲሁ ነው። ወደ አገሩ በሰላም ተመልሷል፤ ጎረቤቶቹ ደስ ብሏቸዋል። ነገር ግን በየዓመቱ ጥቅምት 6 እና መጋቢት 13 በአውሮፓውያኑ ቀን ይታመማል። አንዱ በጩቤ የተወጋበት፣ አንዱ የተመረዘበት ቀን ነው። ይህን በሽታ በሥራዬ ዘመን ብዙ አይቻለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የምንለው ሐሳብን ብቻ አይደለም፤ ሰውነትም ቀን ይቆጥራል። ቶልኪን በዚያው መልሱ፣ ፍሮዶ ራሱን እንደ ከሸፈ ሰው ይቆጥር እንደነበር፣ ባሕር ተሻግሮ የተላከውም ከሞቱ በፊት መዳን ከተቻለው እንዲድን እንደነበር ያስረዳል። «ከተቻለው» ነው ያለው። አስታማሚ ለቤተሰብ መናገር የሚገባውም ይህንኑ ነው፤ ተስፋን አይነፍግም፣ ዋስትናም አይሰጥም።

ዛሬ በብዙ ቤት ከጦር ሜዳ የተመለሰ፣ ወይም ጦርነት ባለበት አካባቢ ያደገ ልጅ አለ። እናቶችና አባቶች፣ «አሁንማ ተርፈህ የለ፣ ለምን አትረሳውም?» አትበሉት። በዓመቱ ውስጥ የሚከፋበትን ወቅት አስተውላችሁ በዚያ ሰሞን ብቻውን አትተዉት። እንቅልፍ ከነሣው፣ መጠጥ ካበዛ፣ መሞትን ካነሣ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ይህ ከጸሎትና ከጠበል ጋር የሚጣላ አይደለም። ሕክምናው ወራት ሊፈጅ ስለሚችል የተሻለው ሲመስላችሁ አታቋርጡት። ከሁሉ በላይ ጥፋተኛ እንዳልሆነ ንገሩት። አጥንቱ የተሰበረን ሰው እንደማትወቅሱት ሁሉ ይህንንም አትውቀሱት።

ለሚጽፉ ልጆችም አንድ ነገር አለኝ። ጦርነት ስትጽፉ ጀግናችሁ ቤቱ ሲደርስ መጽሐፉን ለመዝጋት አትቸኩሉ። ማታ እንዴት እንደሚተኛ፣ ማን አጠገቡ እንደሚቀመጥ ጻፉ። የእኛ ቤቷ ደራሲ ከንግሥቲቱ ግንብ አጠገብ፣ ከምንጩ በማይርቅ ቦታ፣ ጤና ጣቢያ ሠርታለች። ማታ ማታ የምትጠብቀው ነርስ ስም ገና አልወጣላትም። እኔ «ጋምጂ» በያት ብያታለሁ፤ እሷ ግን የአበሻ ስም እፈልጋለሁ ብላ እያሰበችበት ነው።