ሲምዎ የት ነው ያለው?

አናማሪያ ሉሳርዲና ኦሊቪያ ሚቸል የተባሉ የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች የሰውን የገንዘብ እውቀት የሚለኩ ሦስት ጥያቄዎች አውጥተዋል። አንዱ እንዲህ ይላል፦ በዓመት 2 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት 100 ዶላር ከ5 ዓመት በኋላ ከ102 ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ሌሎቹ ስለ ዋጋ ንረትና ስለ አክሲዮን ናቸው።

እኛም እዚህ ካኩማ ማታ ለምናስተምራቸው ጎልማሶች ዶላሩን ወደ ሽልንግ ለውጠን ጠየቅን። አንዲት እናት «ሒሳብ ለማይከፍትልኝ ባንክ ወለዱን ምን አስቆጠረኝ?» አሉን። እኚህ እናት የ20 ሰው እቁብ ሰብሳቢ ናቸው። ዕጣ የወጣለትም፣ ተራ የለወጠውም፣ ያልከፈለውም በቃላቸው ነው። በፈተናው ግን ወደቁ ማለት ነው!

እኛ ብንጠየቅ ከዱቤ እንጀምራለን። እ.ኤ.አ. በ2015 ባምባ ቻኩላ ተጀምሮ የራሽኑ ከፊል በስልክ ሲመጣ፣ ሲሙን ከነፒኑ ለባለ ሱቅ አስይዞ የሚበላ ሰው ታየ። ያስያዘ ሰው ሌላ ሱቅ ሄዶ ዋጋ መጠየቅ አይችልማ! ዱቄቱ 10 ሽልንግ ቢጨመርበትም ዝም ብሎ ይወስዳል። ስለዚህ «ስንት ያስቀምጣሉ?» ከማለት «ሲምዎ የት ነው?» ማለት ይሻላል።

ሁለተኛው መለኪያችን ዱቄቱ ከእደላ ስንት ቀን ቀድሞ ያልቃል የሚለው ነው። ራሽን በተቀነሰበት ወር ግን ይህን አንጠይቅም፤ የጎደለ ስፍር በአያያዝ አይሞላም። ያኔ ሰውን አባካኝ ማለት ነውር ነው።

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ የዱቤ ሒሳብ አጻጻፍ እናሳያለን። ዱቤ ያለባችሁ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ የባለ ሱቁን ቁጥር ከእናንተው ጋር እናስተያያለን።