የወር ደመወዝ በካዛንቺስ፣ የሰዓት ዋጋ በዋሽንግተን

ተወልጄ ያደግሁበት ካዛንቺስ ስሙን የወረሰው በጣልያን ወረራ ዘመን ለወራሪው መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው፣ በምህጻር ኢንቺስ ከሚባለው ተቋም ቤቶች፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው አጠራር ነውና፣ ቤት ከሥራ ጋር ይያያዝ የነበረበትን ሥርዓት፣ ለወራሪው ሠራተኛ ብቻ የተደረገ ቢሆንም፣ ሰፈሬ በስሙ ሲመሰክር ኖሯል።

አባቴ በዚያው አቅራቢያ በጸሐፊነት ሲያገለግሉ፣ ወሩ ሲያልቅ በደመወዝ መክፈያው መዝገብ ላይ ፈርመው የተቀበሉትን ብር ለእናቴ ያስረክቡ ነበር፤ እናቴም የእቁቡንና የእድሩን፣ የባለሱቁንም ዱቤ ለይተው፣ ለቅዱስ ቂርቆስ የጧፍ ካስቀመጡ በኋላ ቀሪውን ለአስቤዛ ያውሉታል። በወሩ በ15፣ በቂርቆስ ዕለት፣ ወደ ደብሩ ስንወርድ ግን የመሐረባቸው ቋጠሮ ሳስቶ ይታየኝ ነበር። አባቴ እስከ ምሽት በመሥሪያ ቤት የቆዩባቸውን ሰዓታት እርሳቸውም ሆኑ አለቆቻቸው ቆጥረዋቸው አያውቁም።

እዚህ ዋሽንግተን በመኪና ማቆሚያ ስቀጠር፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚሰጠኝ ቼክ ከሥሩ ዝርዝር ነበረው፤ በ1938 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለው ስለሚል፣ ያመሸሁባት እያንዳንዷ ሰዓት ለብቻዋ ተጽፋለች። ወረቀቱን ለአባቴ ብልክላቸው በስልክ «ልጄ፣ ይህችን ሰዓት ማን ቆጠረልህ?» አሉኝ።

ነገር ግን ሰዓት የቆጠረልኝ እጅ ሥራው ሲቀዘቅዝ ሰዓቴን ይቀንሳልና ቼኩም አብሮ ይጎድላል፤ የአባቴ ወር ግን አንድ ጊዜም አልጎደለም። በሕግም አገራችን ባዶ አይደለችም፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለቀን ትርፍ ሰዓት 1.5፣ ለሌሊቱ 1.75፣ ለሳምንት ዕረፍት 2፣ ለሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ እንዲከፈል ደንግጓል፤ በግል ድርጅት ጡረታም ሠራተኛው 7 በመቶ ሲያዋጣ አሠሪው 11 ይጨምራል፣ በዚህ አገር ግን ድርሻቸው እኩል ነው።

የሚያሳዝነኝ ወለሉ ነው። በዚህ አገር የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 7.25 ዶላር ሆኖ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ ባይነቃነቅም፣ ከተማይቱ በየዓመቱ የራሷን ከፍ ታደርጋለች፤ የእኛው አዋጅ ግን ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያጠና ቦርድ እንዲኖር ከደነገገ በኋላ፣ የግሉ ሠራተኛ ወለል ሳይወሰን ዓመታት አለፉ። ሕገ ኦሪት የምንደኛው ዐስብ ፀሐይ ሳትገባ ይሰጠው ይላል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ፈርሰው በቦታቸው ሲሚንቶ የሚያቦኩት የቀን ሠራተኞች ማታ እጃቸውን ታጥበው ብራቸውን ሲቀበሉ ይህ ትእዛዝ ቢፈጸምም፣ ከዚህ በታች አይወረድም የሚልላቸው ቁጥር በሕግ አልተጻፈም።