ባሩድና የብረት ካዝና

ዛሬ ከወትሮው ርእሳችን ወጣ ብለን ስለ ባሩድ እናወጋችኋለን።

በምንኖርባት የአሜሪካ ከተማ፣ የተኮሱበትን ቀለህ ሰብስበው በቤታቸው ጥይት የሚሞሉ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉን። አረሩን፣ ባሩዱንና ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ፕራይመር የተባለ ትንሽ ቆብ ከመደብር ይገዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ሰሞን ሕዝቡ ተሻምቶ መደርደሪያው ባዶ ሲቀር ስላዩ፣ በተገኘ ጊዜ ገዝተው ያስቀምጣሉ።

ባለፈው ዓመት ምድር ቤታቸው ውሃ ገባበትና ዕቃውን ለጥቂት ቀናት በእኛ ጋራዥ እንድናኖርላቸው ጠየቁን። ልባችን ፈራ። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤታችን በሌሊት ሲበረበር «መሣሪያው የት አለ?» ነበር የተባልነው፤ የተገኘብን ግን የማስታወሻ ደብተርና የካሴት ክምር ብቻ ነው። ሕጉ የፈቀደው መሆኑን እያወቅን እንኳ ባሩድ ከደጃችን ሲደርስ ጉልበታችን ከዳን።

ይሉኝታ አሸንፎን እሺ አልን። ጥንቃቄያችንን ለማሳየትም ከባዱን የብረት ካዝና ከፍተን «እዚህ ይቆለፍበት» ብንላቸው፣ አዛውንቱ ደንግጠው ከለከሉን። ጭስ አልባ ባሩድ ባልታፈነበት ስፍራ እሳት ቢነካው በኃይል ይነዳል፤ በጠንካራ ብረት ውስጥ ታፍኖ ከተያዘ ግን ጋዙ መውጫ አጥቶ ይፈነዳል። የአገሪቱ የእሳት መከላከያ ማኅበር መሥፈርትም በመኖሪያ ቤት እስከ 20 ፓውንድ ባሩድ በፋብሪካው ዕቃ፣ ከዚያ በላይ እስከ 50 ፓውንድ ግን ግድግዳው አንድ ኢንች በሆነ የእንጨት ሣጥን እንዲቀመጥ ያዛል። ፕራይመሩ ከ10,000 አይበልጥም፤ ከማሸጊያው ወጥቶ በአንድ ብልቃጥ ከተጠራቀመም የአንዱ መፈንዳት ሁሉንም ያስነሣል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። የአገራችን ገዥዎች ጋዜጣ ሲዘጉ፣ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ፣ በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የኢንተርኔት መስመር ሲቆርጡ፣ ብረት ካዝና በመቆለፋቸው ሰላም ያገኙ መስሏቸው ነበር። እኛስ? በስደት ስብሰባዎቻችን የተለየ ሐሳብ ያመጣውን ወገን በጩኸት ስናስቀምጥ ያው ካዝና በእጃችን አልነበረምን? ቁጣ መተንፈሻ ያሻዋል፤ የነፃ ጋዜጣ ሥራም ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

አዛውንቱ በሳምንቱ ዕቃቸውን ወሰዱ። ካዝናው ዛሬም ከጋራዣችን አለ፤ በውስጡ ያኔ ከበርባሪዎቹ የተረፉት ሁለት ደብተሮች ተቆልፎባቸዋል። እነሱን አውጥተን ለማተም ቆርጠናል።

ቸር ያሰማን።